ከሶኬት የተላቀቀ ልብ፦ የመጀመሪያው ተንቀሳቃሽ ፔስሜከር እንዴት ተሠራ

ጉዳዩ ለምን ይመዘገባል

የሕክምና መሣሪያ የሚጠግን ወይም የሚነድፍ ሰው የመጀመሪያውን ተንቀሳቃሽ ፔስሜከር፣ ማለትም የልብን ምት በኤሌክትሪክ ግፊት የሚያስጠብቅ መሣሪያ፣ ታሪክ ሳይሰማ አይቀርም። የሚሰማው ግን ብዙውን ጊዜ እንደ ጀብዱ ነው፦ መብራት ጠፋ፣ አንድ ብልህ ሰው ጋራዡ ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ፣ ከአንድ ወር በኋላ ዓለምን የለወጠ ዕቃ ይዞ ወጣ። እንዲህ ሲተረክ ጆሮ ይስባል፤ ነገር ግን ከዚህ ሥራ የሚማር ሰው ብዙም አያተርፍበትም። ጠቃሚው ነገር ያለው በመካከሉ ነው፤ በመጀመሪያ ታስቦ የተጣለው ሐሳብ፣ ከሌላ ሙያ የተወሰደው ሰርኪዩት፣ ሣጥኑ ላይ የነበሩት ማዞሪያዎች፣ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ የታዩት ጉድለቶች።

ጉዳዩ የተፈጸመው በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት፣ ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት የሚኒያፖሊስ ከተማ ነው። ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ። ሰዎቹ በሕክምና ታሪክ በስም የታወቁ ናቸው፤ እዚህ ግን በሥራቸው ብቻ እጠራቸዋለሁ።

ዳራ፦ የተደፈነ ቀዳዳ፣ የተቋረጠ መስመር

በ1950ዎቹ አጋማሽ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ልብን ከፍቶ በመጠገን ከዓለም ግንባር ቀደም ከሆኑት ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነበር። ወደዚያ ይመጡ ከነበሩት ታካሚዎች ብዙዎቹ ሲወለዱ ጀምሮ በልባቸው ግድግዳ ላይ ቀዳዳ ያለባቸው ሕፃናት ናቸው። ቀዶ ሐኪሙ ደረትን ከፍቶ ቀዳዳውን ይደፍናል፤ ልጁም ይድናል።

ችግሩ ያለው ቀዳዳው ባለበት ቦታ ነው። ልብ የሚመታው ራሱ በሚያመነጨው ኤሌክትሪክ ነው፤ ምልክቱ ከላይኛው ክፍል ተነሥቶ ደም ወደሚረጨው ታችኛው ክፍል የሚወርደው ለዚሁ ሥራ በተለየ ቀጭን የጡንቻ መስመር በኩል ነው። መስመሩ በቀዳዳው ጠርዝ አጠገብ ያልፋል፤ በዓይን ግን አይለይም። መርፌው ከነካው፣ ወይም ስፌቱ አካባቢውን ካሳበጠው፣ ምልክቱ ይቋረጣል። ላይኛው ክፍል እንደ ወትሮው ይመታል፤ ታችኛው ግን ትእዛዝ ስለማይደርሰው በራሱ አዝጋሚ ምት፣ በደቂቃ ከ30 እስከ 40 ጊዜ ብቻ እየመታ ይቀራል። ገና ከቀዶ ሕክምና ክፍል ለወጣ ሕፃን ይህ አይበቃም። በእነዚያ ዓመታት ከአሥር ታካሚዎች አንዱን ገደማ ይህ ያጋጥመው ነበር፤ በመድኃኒት የሚተርፈውም ጥቂቱ ነበር። ቀዳዳው በሚገባ ተደፍኖ ልጁ መሞቱ ቀዶ ሐኪሙን የቱን ያህል እንደሚያብከነክን መገመት አያዳግትም።

ተስፋ የሚሰጥ አንድ ነገር ነበር። በብዙዎቹ ላይ እብጠቱ ሲቀንስ መስመሩ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። የሚያስፈልገው ልጁን እስከዚያ ድረስ የሚያሻግር መሣሪያ ነው።

አንድ መሣሪያ ነበር። በ1952 በቦስተን አንድ የልብ ሐኪም ደረት ላይ በሚለጠፉ ሰሌዳዎች በኩል ኤሌክትሪክ በመላክ የቆመን ልብ ማስመታት እንደሚቻል አሳይቷል። ሕይወት ያተርፋል፤ ይሁን እንጂ እስከ 150 ቮልት ድረስ ይጠይቃል። በእያንዳንዱ ምት የደረት ጡንቻ በሙሉ ይንዘፈዘፋል፣ ቆዳው ይቃጠላል። አዋቂ ሰው ለሰዓታት በጭንቅ የሚታገሠውን ነገር አንድ ሕፃን ለሳምንታት ተሸክሞት አይዘልቅም።

የሚኒሶታው ቡድን በ1957 መጀመሪያ ላይ የተሻለ መንገድ አገኘ። በቴፍሎን የተሸፈነ ቀጭን የማይዝግ ብረት ሽቦ ወስደው ጫፉን በቀጥታ የልብ ጡንቻ ላይ ሰፉት፤ ሌላኛውን ጫፍ በደረት በኩል ወደ ውጭ አወጡት። ሁለተኛ ሽቦ ደግሞ ቆዳ ሥር አኖሩ። ቆዳው፣ ጡንቻውና አጥንቱ ከመንገድ ሲነሡ ከ100 ቮልት በላይ ይጠይቅ የነበረው ሥራ በጥቂት ቮልት ተሠራ። ልጁ ምንም ሕመም አይሰማውም። መስመሩ ሲያገግም ሽቦው ደረት ዳግመኛ ሳይከፈት ተስቦ ይወጣል።

ችግሩ፦ ገመድ

ሽቦውን የሚመግበው መሣሪያ በፊዚዮሎጂ ቤተ ሙከራ የእንስሳት ነርቭ ለማነቃቃት የሚያገለግል፣ በቫኪዩም ቱቦ (አየር በወጣለት፣ በሚግል የመስታወት ቱቦ) የሚሠራ ትልቅ ዕቃ ነበር። በጋሪ ላይ ተቀምጦ ግድግዳ ላይ ካለው ሶኬት ይሰካል። ልጁ ተነሥቶ መቀመጥ፣ ከዚያም መራመድ በጀመረ ጊዜ ገመዱ በሚደርስበት ብቻ ይንቀሳቀሳል። ለራጅ ወይም ለሌላ ምርመራ ወደ ሌላ ክፍል መሄድ ሲያስፈልግ ኤክስቴንሽን በኮሪደሩ ላይ ይዘረጋል፤ ጋሪው፣ አልጋውና ገመዱ አብረው ይጓዛሉ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው ግን የልጁ ልብ ከከተማው ኤሌክትሪክ ጋር መታሰሩ ነው። አደጋው ማንም ሰው ሊያየው የሚችል ነበር፤ ሆኖም መብራት እምብዛም በማይጠፋበት ከተማ የሚያየው አልነበረም።

ኦክቶበር 31 ቀን 1957፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 21 ቀን 1950 ዓ.ም.፣ በሚኒያፖሊስ መብራት ለሰዓታት ጠፋ። ሆስፒታሉ ጄኔሬተር ነበረው። ጄኔሬተሩ ቀዶ ሕክምና ክፍሎቹንና ከቀዶ ሕክምና የወጡ ሕሙማን የሚያርፉበትን ክፍል ይመግብ ነበር፤ ታካሚዎች የሚተኙባቸውን ክፍሎች ግን አይደርስባቸውም። በየቦታው በሚተረከው ታሪክ መሠረት በዚያ ምሽት አንድ ሕፃን ሞቷል።

ለእኔ ከጉዳዩ ሁሉ ዋናው ነጥብ ይህ የጄኔሬተሩ ሥምሪት ነው። ጄኔሬተሩ ሲተከል ኤሌክትሪክ የሚያስፈልገው ሕክምና የሚካሄደው ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ብቻ ነበር። በኋላ ሕክምናው ታካሚውን ተከትሎ ወደ መኝታ ክፍሉ ሄደ፤ የመጠባበቂያው መስመር ግን በቦታው ቀረ። ማንም አልሰነፈም፤ አዲሱን ሽቦ የፈለሰፉትም ሆኑ የሕንፃውን መስመር የዘረጉት ሥራቸውን በትክክል ሠርተዋል። በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት የሚጠብቅ ሰው ግን አልነበረም።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ቀዶ ሐኪሙ በማግሥቱ የጠራው አንድ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ነበር። ይህ ሰው በዚያው ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተምሮ በ1949 ከቤተሰቡ አባል ጋር በአንድ ጋራዥ ውስጥ የሕክምና መሣሪያዎች ጥገና ድርጅት አቋቁሟል። የመጀመሪያው ወር ገቢያቸው 8 ዶላር ነበር። ሰውየው ለዓመታት ቀዶ ሕክምና ክፍል እየገባ የተበላሸ መሣሪያ ሲጠግን፣ ያልተበላሸውንም ቆሞ ሲከታተል ኖሯል። ጥሪው ሲደርሰው ስለ ልብና ስለ ሽቦው የሚያስረዳው ሰው አላስፈለገውም፤ ሁሉንም በዓይኑ አይቶታል። ጋራዡን ሁሉም ያነሣዋል፤ ይህን የዓመታት ቆይታ ግን የሚያነሣው ጥቂት ነው።

የመጀመሪያ ሐሳቡ ብዙዎቻችን የሚመጣልን ነው፦ የመኪና ባትሪ በጋሪው ላይ መጫን፣ በኢንቨርተር ወደ 115 ቮልት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ መቀየር፣ ነባሩን መሣሪያ በዚያ ማንቀሳቀስ። ይህ መብራት ሲጠፋ ያድናል። ባለሙያው ግን ስሌቱን ሲያየው ከባትሪው ጥቂት ቮልት ተነሥቶ 115 ቮልት ላይ ይወጣል፤ ከዚያም መሣሪያው ያንኑ መልሶ ወደ ጥቂት ቮልት ያወርደዋል። ምድር ቤት ለሚቀዳ ውኃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ታንከር እንደ መስቀል ነው። በየደረጃው ኃይል ይባክናል፣ ጋሪው ይከብዳል፣ ልጁም ከጋሪው ጋር እንደታሰረ ይቀራል።

ቆም ብሎ ጥያቄውን የለወጠው እዚህ ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ የተጠየቀው «ይህን መሣሪያ ያለ ሶኬት እንዴት እናንቀሳቅሰው?» የሚል ነበር። ልብ የሚፈልገው ግን መሣሪያውን አይደለም። የሚፈልገው ጥቂት ቮልት፣ ከሰከንድ ሺኛ ጥቂት እጥፍ የማይበልጥ አጭር ግፊት፣ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ አካባቢ ነው። ለዚህ የቫኪዩም ቱቦም ሆነ ጋሪ አያስፈልግም። የቫኪዩም ቱቦን ሥራ የሚተካው ትንሹ ትራንዚስተር ከተፈለሰፈ አሥር ዓመት ሆኖታል፤ በባትሪ ይሠራል፤ አይግልም።

ባለሙያው በአንድ የኤሌክትሮኒክስ መጽሔት ላይ፣ በ1956 በወጣ እትም፣ ለሙዚቃ ተማሪ ምት የሚጠብቅ የሜትሮኖም ሰርኪዩት ማየቱ ትዝ አለው። ሁለት ትራንዚስተር ያለው ቀላል ሰርኪዩት ነው። አንድ ካፓሲተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያከማች ክፍል፣ ቀስ በቀስ ይሞላል፤ የተወሰነ መጠን ላይ ሲደርስ ትራንዚስተሩ ይከፈትና ክምችቱ በአንድ ጊዜ ይለቀቃል፤ ድምፅ ማጉያው «ጠቅ» ይላል፤ እንደገና ይሞላል። ማዞሪያው የሚወስነው በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሞላ ነው። ድምፅ ማጉያውን አንሥቶ በቦታው የልቡን ሽቦ ማያያዝ ቻለ። ይህ ያለ ምክንያት አልገጠመም፤ የሙዚቃ ምትና የልብ ምት በአንድ የፍጥነት ክልል ውስጥ ናቸው፤ ስለዚህ የሰርኪዩቱን ዋና ክፍሎች ብዙ መለወጥ አላስፈለገም።

አራት ሳምንት ገደማ ፈጀ። የወጣው ዕቃ ጎኑ አሥር ሳንቲሜትር፣ ውፍረቱ አራት ሳንቲሜትር ያህል የሆነ የአሉሚኒየም ሣጥን ነው። በውስጡ ሰርኪዩቱና 9.4 ቮልት የሚሰጥ የሜርኩሪ ባትሪ አሉ፤ በላዩ ማብሪያ፣ የፍጥነትና የኃይል መጠን ማዞሪያዎች፣ ሁለቱን ሽቦዎች የሚይዙ ማያያዣዎች። ልጁ ደረቱ ላይ ወይም ወገቡ ላይ በማንገቻ ይሸከመዋል።

ባለሙያው ሣጥኑን ወደ ዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ቤተ ሙከራ ወሰደው፤ በውሻ ላይ ተሞከረ፤ ሠራ። ሐሳቡ የሙከራውን ውጤት አይቶ ተመልሶ የተሻለ መሥራት ነበር። በማግሥቱ ሆስፒታል ሲመጣ ያው ሣጥን በአንድ ሕፃን ላይ ተገጥሞ እየሠራ አገኘው። ቀዶ ሐኪሙ የሰጠው ምክንያት አጭር ነበር፦ የተሻለ ነገር በእጁ እያለ ሌላ ልጅ አያጣም።

የሠራው

ዋናው ነገር ሠራ፤ ልጁ ከግድግዳው ተላቀቀ። ነርሷ ልጁን ይዛ ኮሪደር ላይ መራመድ ቻለች። የመብራት መጥፋት የሞትና የሕይወት ጉዳይ መሆኑ ቀረ።

በዚያ ላይ ብዙም ያልታሰበበት ሌላ ጥቅም ተገኘ። ወደ ልብ በቀጥታ የገባ ሽቦ ያለበት ሰው ከሶኬት ከሚሠራ መሣሪያ ጋር ሲያያዝ፣ ከመሣሪያው የሚያፈተልክ እጅግ ጥቂት ኤሌክትሪክ እንኳ ልቡ ላይ ያርፋል። በጤናማ ቆዳ በኩል ሰው የማይሰማው 100 ማይክሮአምፒር ያህል ፍሰት፣ በቀጥታ ልብ ላይ ካረፈ ምቱን ሊያዛባና ሊገድል ይችላል። ባትሪው ታካሚውን ከመብራት መጥፋት ብቻ ሳይሆን ከመብራቱ ከራሱም አድኖታል። በኋላ የወጡት የሕክምና መሣሪያ ደኅንነት ደረጃዎች ከልብ ጋር በቀጥታ ለሚገናኝ መሣሪያ የሚፈቅዱት ፍሰት እጅግ ጠባብ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የሜርኩሪ ባትሪው ምርጫም ተገቢ ነበር። ይህ ዓይነት ባትሪ እስኪያልቅ ድረስ ቮልቱን ሳይቀንስ ይቆያል፤ ልብን ለማነቃቃት ደግሞ የተረጋጋ ግፊት ያስፈልጋል። የዚያው ጠባይ ሌላ ገጽ ግን አለ፤ ሲያልቅ በድንገት ይወድቃል፣ አስቀድሞ ብዙ ምልክት አይሰጥም። በኋላ በተሠሩት ሣጥኖች ላይ ከእያንዳንዱ ምት ጋር ብልጭ የሚል ትንሽ መብራት ተጨመረ፤ ነርሷ ከአልጋው እግር ሥር ቆማ መሥራቱን ታያለች።

ያልሠራው

ማዞሪያዎቹ በሣጥኑ ላይ ጎልተው ተቀምጠው ነበር። አልጋ ላይ ለሚውል ልጅ ደረቱ ላይ የተንጠለጠለ የሚዞር ነገር መጫወቻ ነው። የራሱን ልብ ፍጥነት የሚወስን መሆኑን እሱ በምን ያውቃል? በቀጣዩ ንድፍ ማዞሪያዎቹ የልጅ ጣት በቀላሉ እንዳያገኛቸው ወደ ውስጥ ገቡ። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ማንኛውም የቤተ ሙከራ ጠረጴዛ ሊያሳየው የማይችል ጉድለት ነው። የታየው ልጅ ሲሸከመው ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ከሰርኪዩቱ አሠራር የመነጨና ከባድ ነበር። ሣጥኑ ይናገራል እንጂ አይሰማም። የልቡ የራሱ ምት ይኑር አይኑር ሳያውቅ በተወሰነለት ፍጥነት ግፊት ይልካል። ልብ ፈጽሞ ትእዛዝ በማይደርሰው ጊዜ ይህ ጉዳት የለውም። ነገር ግን እነዚህ ልጆች ይድናሉ ተብሎ የሚጠበቁ ናቸው፤ መስመሩ ሲመለስ በአንድ ልብ ላይ ሁለት አዛዥ ይሆናል። የሣጥኑ ግፊት ልብ ከምት በኋላ በሚያርፍባት አጭር ቅጽበት ላይ ካረፈ አደገኛ የምት መዛባት ሊያስነሣ ይችላል። ስለዚህ መሣሪያው አደገኛ የሚሆነው በትክክል ሕክምናው በተሳካበት ጊዜ ነበር። የልብን ምት እያዳመጠ፣ ልብ ራሱ ሲመታ ዝም የሚል፣ ሲዘገይ ብቻ የሚሠራ ፔስሜከር የመጣው በ1960ዎቹ አጋማሽ ነው።

ሽቦውም ለረጅም ጊዜ አልተመቸም። ቆዳን ሰንጥቆ የሚወጣ ሽቦ ለኢንፌክሽን መግቢያ ይሆናል። የልብ ጡንቻ የተሰፋበት ቦታ ጠባሳ ሲይዝ ደግሞ ከቀን ወደ ቀን ከፍ ያለ ግፊት ይጠይቃል። ለሳምንታት ይህ ይቻላል፤ ለዓመታት ግን አስቸጋሪ ነው። ይሁን እንጂ ሰዎች ለዓመታት ፈለጉት። በ1959 በጎረቤቲቱ ሴንት ፖል ከተማ አንድ አዛውንት በተሻሻለ ሽቦ ይህንኑ ዓይነት ሣጥን ተገጥሞላቸው ሰባት ዓመት ያህል ኖረዋል። መሣሪያው የተሠራው በጊዜያዊነት ለሚታመሙ ሕፃናት ነበር፤ ገበያውን የያዙት ግን ልባቸው በእርጅና የደከመ አዋቂዎች ናቸው።

ለእነዚህ ሰዎች መፍትሔው ሣጥኑን ከነባትሪው ሰውነት ውስጥ መቅበር ነበር። ስቶክሆልም ውስጥ በኦክቶበር 1958 የተቀበረው የመጀመሪያው መሣሪያ በሰዓታት ውስጥ ሥራ አቆመ፤ ታካሚው ግን ከ20 በላይ መሣሪያዎችን እየቀያየረ እስከ 2001 ኖሯል። የሚኒያፖሊሱ ድርጅት በ1960 በቡፋሎ ከተማ የተፈለሰፈ የሚቀበር ፔስሜከር የማምረት መብት ገዛ። ዝናው እየጨመረ ሳለ ገንዘቡ አልበቃ ብሎት በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለኪሳራ ተቃርቦ ነበር፤ ይህንንም የጋራዡን ታሪክ የሚተርኩ ሰዎች ይዘልሉታል።

በማግሥቱ ልጅ ላይ መገጠሙ

ስለዚህ ነጥብ ሰዎች ሲከራከሩ ሰምቻለሁ። አንድ ቀን በውሻ ላይ የተሞከረ ዕቃ በማግሥቱ ሕፃን ላይ ሲገጠም የከለከለ ሕግ አልነበረም፤ አሜሪካ የሕክምና መሣሪያ ከገበያ በፊት እንዲመረመር የሚያስገድደውን ሕግ ያወጣችው በ1976 ነው። ዛሬ ይህን የሚያደርግ ሐኪም ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል።

የኔ አስተያየት ሁለት ነገር ይለያል። ለዚያ ልጅ ውሳኔው ትክክል ነበር፤ ሌላው አማራጭ ከሶኬት ጋር ታስሮ የሚቀጥለውን የመብራት መጥፋት መጠበቅ ነው፤ ሣጥኑ ቢበላሽም ነባሩ መሣሪያ አጠገቡ አለ። ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ልጅ ግን ያው ምክንያት እየሳሳ ይሄዳል። «ሌላ አማራጭ የለም» የሚለው ክርክር ለአንድ ታካሚ ሊሠራ ይችላል፤ ለምርት ግን ፈቃድ አይሆንም። የማዞሪያዎቹና የማይሰማው ሰርኪዩት ጉድለት የታዩት በታካሚዎች ላይ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል።

ለሌላ ሥራ የሚተርፉ ነገሮች

በኛ አገር ሆስፒታሎች ለሚሠራ የባዮሜዲካል ባለሙያ ከዚህ ሁሉ ቅርብ የሆነው የጄኔሬተሩ ጉዳይ ነው። ጄኔሬተር አለ ወይ ብሎ መጠየቅ አይበቃም። የትኞቹን ሶኬቶች ይመግባል? በዚያ ወር አዲስ የመጣው የኦክስጅን ማመንጫ ወይም የመድኃኒት ፓምፕ የተቀመጠው ከእነዚያ ሶኬቶች አጠገብ ነው ወይስ ሌላ ክፍል? አዲስ መሣሪያ በመጣ ቁጥር የመጠባበቂያው መስመር ካርታ ዳግም መታየት አለበት፤ ታካሚው ከክፍል ወደ ክፍል ሲወሰድም እንዲሁ። በሚኒያፖሊስ የጎደለው ይህ አንድ ወረቀት ነበር።

ንድፍ ላይ ላለ ሰው ደግሞ የተጣለውን የመኪና ባትሪ ሐሳብ እንዲያስታውስ እመክራለሁ። ነባሩን መሣሪያ እንዳለ አድርጎ ኃይሉን ብቻ መቀየር ሁልጊዜ ፈጣን ይመስላል፤ አንዳንድ ጊዜም ትክክል ነው። ግን መጀመሪያ ታካሚው አካል ላይ የሚያርፈውን መጠን በቁጥር መጻፍ ያስፈልጋል፦ ስንት ቮልት፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ በደቂቃ ስንት ጊዜ። ያ ቁጥር ከተጻፈ በኋላ ከጋሪው ላይ የትኛው ክፍል አላስፈላጊ እንደሆነ ራሱ ይታያል። ሰርኪዩቱ አዲስ መሆን አላስፈለገውም፤ ለሙዚቃ ተማሪዎች ታትሞ የወጣ ነበር። ይህን በደንብ የሚያውቅ ተማሪ የመመረቂያ ሥራውን ከባዶ ለመጀመር አይቸኩልም።

የመቆጣጠሪያ ሥርዓት የሚነድፍ ሰው ደግሞ ግፊት ከመላኩ በፊት የሚያዳምጥ ነገር መኖር አለመኖሩን ይፈትሽ። ትእዛዝ ብቻ የሚያስተላልፍ ሥርዓት አካሉ ፈጽሞ በማይመልስበት ሁኔታ ሲሞከር እንከን የለሽ ይመስላል። መሞከር ያለበት አካሉ ማገገም በጀመረበት፣ ሁለቱም በአንድ ላይ በሚሠሩበት ሁኔታ ነው። መሣሪያው ያገገመን ሰው የሚጎዳ ከሆነ ጉድለቱን በመጀመሪያው የቤተ ሙከራ ቀን ማግኘት ይቻላል፤ የሚያስፈልገው የራሱ ምት ያለውን እንስሳ ሰርኪዩቱ ላይ ማያያዝ ነው።